ከአፍ እስከ ማሰራጫ፤ ስለ ማይክሮፎን ታሪክ

አበው «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ሲሉ የተነገረ ቃል እንደማይመለስ ማስተማራቸው ነው። በአፍና በአፋፍ መካከል ቆሞ ቃልን የሚቀበል መሣሪያ ማይክሮፎን ነውና፥ ስለ ታሪኩ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

በአገራችን የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ የተመረቀው በ1927 ዓ.ም. ነው። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ሊወረን በተቃረበ ጊዜ፥ በ1928 ዓ.ም. መባቻ፥ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ ጣቢያ አማካይነት ለአሜሪካ ሕዝብ ንግግር አደረጉ። መድፍና አውሮፕላን ያነሰው አገር አቤቱታውን ባሕር አሻግሮ የላከው በማይክሮፎን ነበር።

በዚያ ዘመን የዓለም ታላላቅ ጣቢያዎች ይሠሩባቸው ከነበሩት ሦስቱን እንጥቀስ። አንደኛው የከሰል ማይክሮፎን ነው፤ ድምፅ ስሱን ሽፋን ሲገፋው ከኋላው ያለው የከሰል ፍርፋሪ እየተጠጋጋና እየላላ የኤሌክትሪኩን መጠን ይለዋውጣል። ጉድለቱም ያለማቋረጥ መንሿሿቱ ነው። ሁለተኛው አሜሪካዊው ዌንቲ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1916 የሠራው ኮንደንሰር ነው። ይህ ድምፅን አጥርቶ ይይዛል፤ ነገር ግን የሚያወጣው ኃይል እጅግ ደካማ ስለ ሆነ የማጉያ ቫልቭ በአጠገቡ ይሻል። ሦስተኛው ሪባን የሚባለው፥ በማግኔት መካከል የተንጠለጠለ ቀጭን የአሉሚኒየም ጥብጣብ ያለበት ነው። ከፊትና ከኋላ ይሰማል፥ ከጎን ግን ደንቆሮ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው በአንዱ መነጋገር ይችላሉ። ሆኖም መሥራቱን ለማወቅ «እፍ» የሚል ሰው ጥብጣቡን ሊያበላሸው ይችላል።

በየካቲት 1955 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ተመረቀ፤ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በመንግሥት እስኪወረስ ድረስም ሠራ። ስቱዲዮው በአዲስ አበባ፥ ማሰራጫው ግን በሰበታ አካባቢ በጌጃ ነበር። ተናጋሪው በከተማ ውስጥ በለሆሳስ የተናገረውን፥ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት ኃይል ያላቸው ሁለት ማሰራጫዎች ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ይልኩት ነበር። ይሁን እንጂ ማሰራጫ የተሰጠውን ያጎላል እንጂ የጎደለውን አይሞላም፤ በማይክሮፎኑ ዘንድ የጠፋ ድምፅ በምንም ኃይል አይገኝም።

እኛ ግን ረጅሙን ምሰሶ ስናደንቅ ትንሹን መሣሪያ ረሳነው። የጀርመኑ ኖይማን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1949 ያወጣው ዩ 47 እስከ ዛሬ በታላላቅ ስቱዲዮዎች ይፈለጋል፤ በእኛ ዘንድ ያረጀ ማይክሮፎን እንደ ቁርጥራጭ ብረት ይቆጠራል። ስለዚህ በሰበታም ሆነ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ፥ በትምህርት ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት ዕቃ ቤት እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚያገኝ ሁሉ ከመጣሉ በፊት ስሙን፥ ዘመኑንና ማን እንደ ተናገረበት ይጻፍ። ቃሉን በመዝገብ ያኖረ ሕዝብ ቃሉን የተቀበለውን ዕቃም ሊያኖር ይገባዋል።