ከቦይለር ብየዳ እስከ ፅንስ አንጎል፦ ዘግይቶ የሚደርሰው ማሽን

በጁላይ 1955 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስኮትላንድ ውስጥ ሬንፍሩ በምትባል ከተማ ወደሚገኝ የቦይለር ፋብሪካ ሁለት መኪኖች ገቡ። የጫኑት ከሴቶች ማህፀንና እንቁልጢ በቀዶ ሕክምና የወጡ ዕጢዎችን ነበር። ይዟቸው የሄደው የግላስጎው ዩኒቨርሲቲው የማህፀንና ፅንስ ሕክምና ፕሮፌሰር ኢያን ዶናልድ ነው።

ፋብሪካው ባብኮክ ኤንድ ዊልኮክስ ይባላል። በወፍራም ብረት ብየዳ ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ የሚፈልግ መሣሪያ ነበረው። መሣሪያው ጆሮ የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ ወደ ብረቱ ይልካል፤ ስንጥቅ ካለ ድምፁ እዚያው ተጋጭቶ ይመለሳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር ኃይል ሐኪም የነበረውና ራዳርን የሚያውቀው ዶናልድ፣ ብረት ውስጥ የሚያይ መሣሪያ ሥጋ ውስጥስ ለምን አያይም ብሎ ነው የሄደው። የፋብሪካው ሰዎችም ለማነጻጸሪያ ትልቅ ሙዳ የበሬ ሥጋ አቀረቡለት። ውሃ የቋጠረው ዕጢና ድፍኑ ዕጢ የተለያየ የገደል ማሚቶ ሰጡ። አልትራሳውንድ ወደ ማህፀን ሕክምና የገባው በዚህ መንገድ ነው።

ቀጥሎ ቶም ብራውን የሚባል የኬልቪን ኤንድ ሂዩዝ ኩባንያ ወጣት ኢንጂነር ወሬውን ሰምቶ ለፕሮፌሰሩ ስልክ ደወለ። ሁለቱ ከሐኪሙ ጆን ማክቪካር ጋር ሆነው ሥራቸውን በ1958 በላንሴት መጽሔት አሳተሙ። በዚያ ጊዜ ብዙ ባልደረቦቻቸው ነገሩን እንደ ቀልድ ነበር ያዩት። የማይድን የጨጓራ ካንሰር አለባት የተባለች ሴት በዚህ መሣሪያ ስትታይ ግን የተገኘባት ሊወጣ የሚችል የእንቁልጢ ዕጢ ነበር፤ ወጣላት፣ ዳነች።

ከፅንስ አካል ሁሉ ቀድሞ የተለካው ጭንቅላት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የራስ ቅል አጥንት ድምፅን አጥርቶ ይመልሳል። የጭንቅላቱ ስፋት የፅንሱን ዕድሜና ዕድገት ይናገራል። በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ግላስጎው በዶናልድ ሥር የሠለጠነው ስቱዋርት ካምቤል ነበር።

በ1972 ካምቤል፣ በዚያን ጊዜ ለንደን ሆኖ፣ በ17ኛው ሳምንት ላይ ያለን ፅንስ ሲመለከት የሚለካ ጭንቅላት አጣ። አብዛኛው አንጎልና የራስ ቅል ሳይፈጠር የሚቀርበት፣ ሐኪሞች አነንሴፋሊ የሚሉት ጉድለት ነበር። እንዲህ ያለ ፅንስ ሞቶ ይወለዳል፣ ካልሆነም ከተወለደ በኋላ ብዙ አይቆይም። እርግዝናው እንዲቋረጥ ተደረገ። አልትራሳውንድ ከባድ የአንጎል ጉድለትን ውሳኔ ሊሰጥበት በሚቻልበት ጊዜ ሲያሳይ የመጀመሪያው ነበር።

እዚህ ላይ ታሪኩ ይከብዳል። ዶናልድ ሃይማኖተኛ ሰው ነበር። ብሪታንያ ፅንስ ማቋረጥን የፈቀደችበትን የ1967 ሕግ አጥብቆ ተቃውሟል፤ የሚንቀሳቀሰውን ፅንስ ምስል ለዚሁ ሙግቱ ማስረጃ አድርጎ ያሳይ ነበር። የገዛ ተማሪው ደግሞ በዚያው ዓይነት ምስል ሌላ በር ከፈተ። ሁለቱም ያዩት አንድ ነገር ነው። ማሽኑ ያሳያል እንጂ አይወስንም፤ ይህን ከፈጣሪዎቹ በላይ ያወቀው የለም።

አከርካሪ ላይ የሚከሰተው ክፍተት፣ ስፓይና ቢፊዳ፣ ግን አስቸጋሪ ነበር። የፅንስ ጀርባ ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ በዚያ ዘመን ምስል በቀላሉ ታመልጣለች። በ1986 ለንደን ውስጥ ኪፕሮስ ኒኮላይደስ፣ ካምቤልና ባልደረቦቻቸው መፍትሔውን ከጀርባ ሳይሆን ከጭንቅላት አገኙት። ጀርባው ሲከፈት የአንጎል ፈሳሽ ይፈስሳል፤ አንጎል ወደ ታች ይሳባል። በዚህ ጊዜ ከግንባር በኩል ያለው አጥንት ግራና ቀኙ ወደ ውስጥ ገባ ይልና ጭንቅላቱ የሎሚ ቅርጽ ይይዛል። ከኋላ ያለው ትንሹ አንጎልም ተጨምቆ እንደ ሙዝ ይጎብጣል። ሎሚና ሙዝ! ከዚያ ወዲህ የጀርባን ቀዳዳ ለማግኘት የሰለጠነ ዓይን መጀመሪያ የሚያየው ጭንቅላትን ሆነ። የዚህ ዘርፍ ትልቁ ግኝት ውድ ማሽን ሳይሆን ይህ ይመስላል፤ የተለወጠው አስተያየቱ ነው።

ኤምአርአይም ተጨመረ። ፅንስ ስለሚንቀሳቀስ መጀመሪያ ላይ ምስሉ ይደበዝዝ ነበር፤ በ1990ዎቹ በሰከንድ ውስጥ ምስል የሚያነሳ ዘዴ ሲመጣ ተሻሻለ። በ2017 የወጣው ሜሪዲያን የተባለው የብሪታንያ ጥናት የ570 ፅንሶችን ውጤት አነጻጽሮ፣ አልትራሳውንድ በ68 በመቶው፣ ኤምአርአይ ሲታከልበት በ93 በመቶው ትክክል ሆኖ አግኝቷል። ብቃት ያለው ባለሙያ በአልትራሳውንድ ብቻ ከ68 በመቶ በላይ ያገኛል የሚል ክርክር ቢነሳም፣ ኤምአርአይ የብዙ ቤተሰብ ምክር እንዲለወጥ ማድረጉ አይካድም።

ዳሩ ግን ከሁሉም በላይ የሚያስቆጨው ቀኑ ነው። አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው የነርቭ ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ገደማ ነው። ብዙ ሴት ያኔ ማርገዟን እንኳ አታውቅም። ካምቤል በ17ኛው ሳምንት ያየው ጉድለት ከወራት በፊት ያለቀ ነገር ነበር። በ2011 ውጤቱ የወጣው የአሜሪካ ጥናት ክፍተቱን ከ26ኛው ሳምንት በፊት እዚያው ማህፀን ውስጥ መስፋት እንደሚጠቅም አሳይቷል፤ የተጎዳውን ሁሉ ግን አይመልስም።

ቀድሞ የሚደርሰው ፎሊክ አሲድ የሚባል ርካሽ ቫይታሚን ነው። በብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት የተመራውና በ1991 የታተመው ጥናት፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ እርግዝና በነበራቸው ሴቶች ላይ ጉድለቱ እንዳይደገም በ72 በመቶ መከላከሉን አረጋገጠ። አሜሪካ ከ1998 ጀምሮ ዱቄት ውስጥ እንዲጨመር አስገደደች። ብሪታንያ ግን፣ አልትራሳውንዱም ጥናቱም የወጣባት አገር፣ ዱቄቷ ላይ ለመጨመር የወሰነችው በ2021 ነው። ሠላሳ ዓመት! ማሽን ሲገዛ የሚያጨበጭብ ይበዛል፤ ዱቄት ውስጥ ለሚጨመር ዱቄት ግን ማን ሪባን ይቆርጣል?

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ዳር ላይ አይደለችም። በትግራይ ሆስፒታሎች በተደረገ ጥናት ከ10,000 ወሊድ 131ዱ የነርቭ ቱቦ ጉድለት ያለበት ሆኖ ተገኝቷል፤ ከብዙ አገሮች በእጅጉ የሚበልጥ ነው። በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለበት እርግዝናን ማቋረጥ ይፈቅዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ማንኛዋም ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ እንድታደርግ መክሯል። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት እናቶች 20 በመቶ ገደማ መሆናቸውን መዝግቧል። ሕጉ አለ፤ ምክሩ አለ፤ ሳምንቱ ግን ያልፋል።

የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ መታሰቡ ተገቢ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሥራ የሚሠራው በትልልቅ ዱቄት ፋብሪካዎች ነው። ጤፉን፣ በቆሎውንና ማሽላውን ሰፈር ወፍጮ ቤት ወስዶ የሚያስፈጨው ቤተሰብ ዘንድ አይደርስም። ተመራማሪዎች ወደ ጨው የዞሩት ለዚህ ነው፤ አዮዲን የሚጨመርበት ጨው ፎሊክ አሲድም ቢጨመርበት፣ የገጠሩም የከተማውም ወጥ ውስጥ ይገባል።