«ሞተሩ ጠፋ» ያለው ሰውዬ

ጥቅምት 17 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27, 2018) ሌስተር ከዌስትሃም 1 ለ 1 ተለያይቶ፣ እኛም ከዲኤስቲቪ ቤት ወጥተን ወደየቤታችን ገብተናል። በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4፡37 ላይ የክለቡ ባለቤት ቪቻይ ስሪቫድሃናፕራብሃ የተሳፈሩባት ሄሊኮፕተር ከሜዳው መሐል ተነሥታ ከስታዲየሙ ውጪ ተከሰከሰች። አብራሪውን ጨምሮ አምስቱም ሞቱ።

በዚያው ሌሊት አንድ የዓይን እማኝ ሞተሩ ጠፋ፣ የመፋጨት ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ ጸጥ አለ ብሎ ተናገረ። እኛ ጋዜጠኝነት ተማርን የምንለው ልጆች ምን አደረግን? «ሞተር ጠፍቶባቸው ነው» ብለን ተቀባበልነው። ሰውየው ግን አልዋሸም። ጆሮው የሰማው የድምፅ መለወጥን ነው፤ የሞተሩ መጥፋት ግምቱ ነበር። ሁለቱን ሳንለይ እንደ አንድ ዜና ዋጥናቸው።

የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪዎች ከ18 ቀን በኋላ ያወጡት የመጀመሪያ መግለጫ ስስታም ነው ማለት ይቻላል። አብራሪው ፔዳሉን ወደ ግራ ሲረግጥ ሄሊኮፕተሯ ወደ ቀኝ ዞረች አሉ፤ ምክንያቱን አልነገሩንም። በዲሴምበር 2018 የጅራቷ መቆጣጠሪያ መላቀቁን ጨመሩ። ሙሉው ሪፖርት የወጣው በሴፕቴምበር 2023 ነው። ወደ አምስት ዓመት!

ጥፋቱ የኩሽኔታ ሆኖ ተገኘ። ላይኛው ትልቅ ማራገቢያ ሲዞር የሄሊኮፕተር አካል በተቃራኒው መሽከርከር ይፈልጋል፤ ይህን የምትይዘው የጅራቷ ትንሽ ማራገቢያ ናት። እዚያ ያለች ኩሽኔታ ተጣብቃ አልዞርም አለች። መሽከርከር የሌለበት ዘንግ አብሮ ተሽከረከረ፣ በሌላኛው ጫፍ ከዳዶው ተፈትቶ ወጣ፣ ፔዳሉም ከጅራቱ ጋር ተቆራረጠ። በ430 ጫማ (130 ሜትር ገደማ) ከፍታ ላይ አብራሪው ይህን የሚያስቆምበት መንገድ አልነበረውም።

ሌላም ወሬ ነበር፤ አብራሪው ሕዝብ እንዳይጎዳ ሆን ብሎ ባዶ ቦታ ላይ ጣላት የሚል። ይህን ያመንነው ማመን ስለፈለግን ይመስለናል (ማን ጀግና ይጠላል?)። ጅራቷ ከቁጥጥር የወጣ ሄሊኮፕተር ግን እንደ መኪና ወደፈለጉት አትጠመዘዝም።

በጃንዋሪ 2025 ስለ አሟሟታቸው በተካሄደው የፍርድ ቤት ምርመራ የበረራው የድምፅ ቅጂ ተነሥቶ ነበር። ምን እየሆነ ነው ተብሎ ሲጠየቅ አብራሪው ምን እየሆነ እንዳለ አላውቅም ብሎ ነበር። ፔዳሉን የረገጠው ሰው ያላወቀውን፣ እኛ አዲስ አበባ አልጋችን ላይ ሆነን ከእኩለ ሌሊት በፊት አውቀን ጨርሰናል።