አቡበከር ታፋዋ ባሌዋና የአዲስ አበባው ቻርተር

የናይጄሪያ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሰር አቡበከር ታፋዋ ባሌዋ ከመምህርነት ተነሥተው ለሥልጣን የበቁ ሰው ነበሩ። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች በአዲስ አበባ በተሰበሰቡ ጊዜ፥ የጋናው ፕሬዚዳንት ንክሩማ አንድ የአፍሪካ መንግሥት በቶሎ ይቋቋም ሲሉ፥ ባሌዋ ግን አስቀድመን በኤኮኖሚ፥ በትምህርትና በባህል እንተባበር አሉ። ግንቦት 17 ቀን የተፈረመው ቻርተር ወደ ባሌዋ አሳብ ያደላ ሆነ። ይህን አካሄድ ፍርሃት የሚሉት አሉ፤ እንደ እኔ አስተያየት ግን ድርጅቱ ሊቆም የቻለው በዚህ ትዕግሥት ነው።

ዳሩ ግን ያው ቻርተር በ3ኛው አንቀጽ በፖለቲካ ምክንያት ሰው መግደልን አውግዞ ነበር። ባሌዋ ከፈረሙ ሦስት ዓመት ሳይሞላ፥ በጥር 1958 ዓ.ም. መኮንኖች ባስነሡት መፈንቅለ መንግሥት ተገደሉ። እንግዲህ መንግሥታት የተስማሙበት ሕግ በየአገሩ ጠባቂ ካላገኘ፥ የፈረሙትን እንኳ አያድንም።