ሰቆጣን ባሕር ያደረጋት ማን ነው?

ክሩዝ ስለሚባለው ነገር መቼም ሰምታችኋል። ውጪ ያሉ ዘመዶቻችን ልጆቻቸውን ሰብስበው የሚሳፈሩበት፣ ሆቴል ልበለው ከተማ ልበለው የሚያሰኝ መርከብ ነው። ሌሊቱን ሲጓዝ ያድርና ጠዋት አንድ ደሴት አጠገብ ይቆማል። አባወራው ወደብ ላይ መኪና ይከራያል፣ እናት ውሃና ብስኩት ትይዛለች፣ ልጆች ከኋላ ይደረደራሉ። ደሴቲቱን በስድስት ሰዓት ዞረው፣ ፎቶ ተነስተው፣ መርከቡ ጥሏቸው ሳይሄድ ይመለሳሉ። በነጋታው ሌላ ደሴት። በሁለቱ ደሴቶች መሃል ያለውስ? እሱማ ባሕር ነው። ባሕር ይታለፋል እንጂ አይጎበኝም።

ይህን ያነሳነው ወደብ ናፍቆን አይደለም (ናፍቆናል፣ ግን የዛሬው ወሬያችን እሱ አይደለም)። የኛም አገር ጉብኝት ያው ክሩዝ ስለሆነብን ነው። መርከቡ አውሮፕላን ነው። ደሴቶቹ አራት ናቸው፦ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም። "ታሪካዊው መስመር" ይባላል። ከላሊበላ ወደ አክሱም ስትበሩ በመስኮቱ ቁልቁል ብታዩ ሸንተረር በሸንተረር ላይ የተደራረበበት፣ ገደሉ የበዛ፣ ቡናማ አገር ታያላችሁ። የቀረበላችሁን ለስላሳ ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ ያልፋል። ያ ቡናማ አገር ዋግ ነው። ከተማው ሰቆጣ ነች፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች። በጉብኝት ካርታችን ላይ ግን ባሕር ነች። ሰው በላይዋ ያልፋል እንጂ አይወርድባትም።

ጥያቄያችን ታዲያ ይህ ነው፦ ሰቆጣን ባሕር ያደረጋት ማን ነው? ምክንያቱም ሰቆጣ ባሕር ሆና አልተፈጠረችም። እንዲያውም ወደብ ነበረች።

ወደብ የነበረች ከተማ

ወደብ ስንል የጨው ወደብ ማለታችን ነው። ከአፋር በረሃ እየተጠረበ የሚወጣው አሞሌ ጨው በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ደጋውን ወጥቶ ሰቆጣ ገበያ ይደርስ ነበር። ከሰቆጣ ደግሞ ይበተናል፦ ወደ ላስታ፣ ወደ ወሎ፣ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ስሜንና ወደ ጎንደር። አሞሌ ወጥ ማጣፈጫ ብቻ እንዳልነበር ታውቃላችሁ። ገንዘብ ነበር። ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ የሚሄድ ገንዘብ! በዛሬ ቋንቋ ሰቆጣ ምንዛሪው የሚወሰንባት ከተማ ነበረች ብንል ማጋነን አይሆንም። በ19ኛው መቶ ዓመት በሰሜኑ አገር ከነበሩት ትልልቅ የጨው ገበያዎች አንዷ እሷ ነበረች።

ገበያ ባለበት ሹም አለ። የዋግ ገዥ "ዋግ ሹም" ይባላል ("ዋግ ሥዩም" የሚሉም አሉ)። የዋግ ሹሞች ዘራቸውን የሚቆጥሩት ከዛግዌ ነገሥታት ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት ዙፋኑ ወደ ይኩኖ አምላክ ቤት ሲዞር የዛግዌ ልጆች ዋግን ይዘው ቀሩ፣ በንጉሡ ፊት ሳይቀር በብር ወንበር የመቀመጥና ነጋሪት የማስጎሰም ክብር ተጠበቀላቸው ይላል ትውፊቱ። ሌላው ሹም ቆሞ እሱ ቁጭ ሲል አስቡት።

ይህ ቤት አንዴ ዙፋኑን መልሶ አግኝቶታል። አፄ ቴዎድሮስ የዋግ ሹም ገብረ መድኅንን ሰቅለው ገድለው ነበር። በ1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ የሟቹ ልጅ ዋግ ሹም ጎበዜ "አፄ ተክለ ጊዮርጊስ" ተብለው ነገሡ። ብዙ አልቆዩም። በሐምሌ 1863 ዓድዋ አጠገብ በደጃዝማች ካሣ ምርጫ (በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ) ተሸነፉ። ከዚያ ወዲህም ዋግ ከታሪኩ አልወጣም። በ1888 ዓድዋ ላይ ዋግ ሹም ጓንጉል የዋግን ጦር ይዘው ተሰልፈዋል።

እዚያው ሰቆጣ አጠገብ፣ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ፣ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ አለ። ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። የዋግ ሹሞች አስከሬን በሣጥን ሆኖ ያረፈው እዚያ ነው። ላሊበላን ያየ ሰው ይህን ቢያይ የአለቱ ጥበብ አንድ ከተማ ላይ በአንድ ሌሊት እንዳልበቀለ ይገባዋል። ሰፊ አገር ነበረው።

ሦስት ጊዜ ታለፈች

እንግዲህ ወደቧ እንዴት ባሕር ሆነች? እኛ እንደምንቆጥረው ሦስት ጊዜ ታልፋለች።

አንደኛው በጎማ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከአስመራ አዲስ አበባ አስፋልት ሲያነጥፍ መንገዱ በአምባላጌ፣ በማይጨው፣ በኮረም፣ በአላማጣ፣ በወልድያና በደሴ ወረደ። ሰቆጣ ወደ ምዕራብ ቀረች። በዚያው ሰሞን ዋግ ውስጥ የተነሳውን አመፅ የመሩት የዋግ ሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1930 መባቻ ተይዘው ተገደሉ። ጣሊያኖቹ ራሳቸውን ቆርጠው ለሕዝብ አሳዩ። ካሚዮን በአስፋልቱ መመላለስ ከጀመረ በኋላ ጨው በበቅሎ ሰቆጣ የሚወጣበት ምክንያት እየሳሳ ሄደ። መንገድ ለደረሰበት ከተማ በረከት ነው። አጠገቡ ላለው፣ ላልደረሰበት ከተማ ግን መርዶ ነው። ኮረምና አላማጣ ሲያድጉ ሰቆጣ የገደል ማዶ ዘመድ ሆነች።

ሁለተኛው በክንፍ ነው። በ1950ዎቹ መንግሥት የቱሪስት ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱን የመሩት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ "የ13 ወር ፀጋ" የምንለውን ማስታወቂያ የፈጠሩ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ መንገዱ አስቸጋሪ ስለነበር ፈረንጁን በአውሮፕላን ከከተማ ከተማ ማዝለል ብልህነት ነበር። አንፈርድባቸውም። የጉብኝት መስመሩ ግን በዚያው ተቀረፀ። አውሮፕላን ያረፈበት "ታሪካዊ" ሆነ፣ ያላረፈበት ባሕር ሆነ። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ስትሰፍር፣ እዚያው ጎን ያለው የዛግዌ ልጆች አገር ፖስት ካርድ እንኳ አልደረሰውም።

ሦስተኛው በካሜራ ነው። ይሄ ከሁለቱም ይከፋል። በጥቅምት 1977 የቢቢሲው ማይክል ቡርክና የካሜራ ባለሙያው ሞሐመድ አሚን ኮረም ደርሰው የቀረፁት የረሃብ ምስል ዓለምን አስለቀሰ። ኮረም መጠለያ ውስጥ ከወደቁት ብዙዎቹ ከዋግ፣ ከላስታና ከራያ በእግራቸው የመጡ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የአካባቢው ስም ሲነሳ ጨው፣ ዙፋን፣ አለት የሚል ጠፋ። ድርቅ የሚል ብቻ ቀረ። በሐምሌ 2007 መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ለማስቆም የገባው ቃል "የሰቆጣ ቃልኪዳን" ተብሏል። ቃሉ መልካም ነው፣ ይሳካ ዘንድም እንመኛለን። ግን አዲስ አበባ ላይ ስንት ወጣት ነው "ሰቆጣ" የሚለውን ስም ከስብሰባ አዳራሽ ባነር ውጪ የሚያውቀው? አንድ አገር በችግሩ ስም ብቻ ሲጠራ ከነዋሪው ላይ አንድ ነገር ይወሰዳል። እንግዳ የመቀበል ማዕረግ ይወሰዳል። እርዳታ ይዞ የሚመጣን ሰው ትቀበለዋለህ፣ አታስተናግደውም።

የሲራራ ነጋዴው ምክር

ታዲያ ቤተሰብ ይዞ በኪራይ መኪና ሰቆጣ መሄድ ይቻላል? መልሱን ከቱሪስት መጽሐፍ በፊት ከሲራራ ነጋዴው ብንጠይቅ ይሻላል። መቼም ይህን አገር ለዘመናት ያቋረጠው እሱ ነው። የሠራበት ደንብ ደግሞ ዛሬም አላረጀም።

ሲራራ ነጋዴ በመጀመሪያ ወሬ ይጠይቃል። ከገበያ የሚመለሰውን ሰው "መንገዱ እንዴት ነው?" ሳይል ጭነት አይጭንም። ይህ ዛሬ የቀልድ ምክር አይደለም። በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣ ገብቷል። ጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈርሞ እፎይ ሳንል፣ ከዚያው ዓመት ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት መንገዱን አንዴ ሲከፍተው አንዴ ሲዘጋው ኖሯል። አላማጣና ኮረምም የይገባኛል ጥያቄ ያለባቸው ከተሞች ናቸው። ስለዚህ ልጅ ይዛችሁ ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ የሚኖር ሰው ጠይቁ። "ይቆይ" ካላችሁ ይቆይ። አለቱ አይሄድም።

ሲራራ ነጋዴ ለብቻው አይጓዝም። ነጋድራስ አለው። እኛ አገር መኪና መከራየት ማለት እንደ ክሩዙ ቤተሰብ ቁልፍ ተቀብሎ መሄድ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የምትከራዩት ከነሹፌሩ ነው። ሹፌሩ ነጋድራሳችሁ ነው። ነዳጁ የማን እንደሆነ፣ የሹፌሩ አበልና ማደሪያ በማን እንደሆነ፣ ትርፍ ጎማ ስንት እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋግራችሁ በወረቀት አስፍሩት። የዋግን መንገድ ነድቶ የሚያውቅ ሹፌር ከአዲስ መኪና ይበልጣል። መኪናውም ከፍ ያለ ይሁን። ቤት መኪና ለዚህ አገር አልተፈጠረችም።

ሲራራ ነጋዴ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሰፍራል። እናንተም በሌሊት አትንዱ። ከአዲስ አበባ ሰቆጣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ልጅ የያዘ ሰው በሁለት ቀን አልደርስም ብሎ ቢያስብ አይከስርም። በላሊበላ በኩል የሚሄድ ሰው በቢልባላ አቅጣጫ የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ያያል፣ ከነዋሻው። እንጨትና ድንጋይ ተነባብሮ የተሠራ፣ ከላሊበላ ውቅሮች ቀድሞ የነበረ ሕንጻ ነው። ላሊበላ ላይ ነዳጅ ሙሉ፣ ውሃ ጫኑ፣ ጥሬ ብር ያዙ። ሐምሌና ነሐሴን እለፏቸው። ወደ ተከዜ ቆላ የምትወርዱ ከሆነ ሙቀቱንና ወባውን አስቡ።

ሲራራ ነጋዴ ኬላ ላይ አይጨቃጨቅም፣ አገሬውንም ያከብራል። ቤተ ክርስቲያን ስትደርሱ ቁልፉ ያለው ቄሱ ጋ ነው። ቄሱ ደግሞ እርሻ ላይ ወይም ለቅሶ ቤት ሊሆኑ ይችላሉ። ልጅ ልካችሁ ጠብቁ። ሲመጡ "አባ፣ ይፍቱኝ" ብላችሁ መስቀል ተሳለሙ፣ ጫማ አውልቁ፣ ነጠላ ያዙ፣ ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ። መጠበቁ ራሱ ጉብኝት ነው። ልጆቻችሁ እዚያ ዛፍ ሥር ሆነው አማርኛ ያልሆነ ቋንቋ ይሰማሉ። ኽምጣንጛ ነው፣ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ። የዛግዌ ነገሥታት ወገን ይናገረው የነበረው ቋንቋ ቤተሰብ በሕይወት አለ፣ በዞኑ በትምህርት ቤትም ገብቷል። ይህን የትኛውም ሙዚየም አያሳያችሁም።

ሲራራ ነጋዴ በመጨረሻ ገበያው እስኪያልቅ ይቆያል። ይህ ከክሩዙ ሰው ዋናው ልዩነቱ ነው። ስድስት ሰዓት ቆይቶ የሚመለስ ሰው ፎቶ ይዞ ይሄዳል። ሁለት ሌሊት የሚያድር ሰው ግን ምሳ ይበላል፣ ማር ይገዛል፣ አልጋ ይከራያል፣ ከሰው ይጫወታል። ገንዘቡም ወሬውም እዚያ ይቀራል።

የሚገርመው ደግሞ ዛሬ ዋግ ጠርዝ ላይ እውነተኛ ውሃ አለ። 188 ሜትር ቁመት ያለው የተከዜ ግድብ በ2002 ሥራ ሲጀምር ከኋላው የተኛው ሐይቅ የዋግን አበርገሌና ዝቋላን ነክቷል። የጨው ነጋዴ ልጅ ልጆች ዛሬ ዓሣ ያጠምዱበታል።

አንድ ቀን መንገዱ ሲረጋጋ፣ ላሊበላ ላይ ሆናችሁ ሹፌሩን "ነገ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሰቆጣ ነው የምንሄደው፣ ሁለት ሌሊት እናድራለን" በሉት። መጀመሪያ ግር ይለው ይሆናል። "ሰቆጣ ደግሞ ምን አለ?" ይላችኋል። መንገዱ ረጅም ነው፣ ልጆቹም ከኋላ እየሰሙ ነው። ከጨዋው ጀምሩለት። ይቅርታ፣ ከጨው።