አዲስ የክልላዊ አየር መንገድ አብራሪዎች በአሜሪካ፦ ምድብ ጣቢያ፣ ምልልስና ክፍያ

በዩናይትድ ስቴትስ ክልላዊ አየር መንገድ የሚባለው ትላልቆቹ ኩባንያዎች በራሳቸው አውሮፕላን ቢበሩባቸው የማያዋጧቸውን አጫጭር መስመሮች የሚሸፍን ድርጅት ነው። ተሳፋሪው ትኬቱን የሚቆርጠው ከዴልታ፣ ከአሜሪካን ወይም ከዩናይትድ ነው፤ በአውሮፕላኑ ጅራት ላይ የሚያየውም የእነርሱን ቀለም ነው። አብራሪው ግን የስካይዌስት፣ የሪፐብሊክ፣ የኤንቮይ፣ የፒኤስኤ ወይም የኢንዴቨር ተቀጣሪ ነው። አውሮፕላኖቹ በአብዛኛው ከ50 እስከ 76 መቀመጫ ያላቸው የኢምብራየርና የቦምባርዲየር ጄቶች ናቸው። የ76ቱን ጣሪያ ያስቀመጠው የትላልቆቹ አየር መንገዶች አብራሪዎች ከአሠሪዎቻቸው ጋር የተፈራረሙት የኅብረት ስምምነት ነው።

እዚህ ሥራ ላይ አዲስ የተቀጠረ አብራሪ ሦስት ጥያቄዎች ይጠብቁታል፦ የት ይመደባል? ከቤቱ እስከዚያ እንዴት ይደርሳል? ስንት ይከፈለዋል? ሦስቱ የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ አንዱ የሌላው መልስ ነው። በውሉ ላይ የሰፈረው የሰዓት ክፍያ እኩል የሆነላቸው ሁለት ጀማሪዎች አንዱ በሚኖርበት ከተማ ሲመደብ ሌላው ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ቢመደብ፣ በወሩ መጨረሻ የሚተርፋቸው ገንዘብም ሆነ ከቤተሰብ ጋር የሚያሳልፉት ሌሊት ለየቅል ነው።

ወደ ሥራው መግቢያ

ጀማሪ ይባል እንጂ እዚህ የሚደርሰው ሰው ብዙ መንገድ ተጉዟል። በመደበኛው አሠራር 1,500 የበረራ ሰዓት ያስፈልገዋል። በአቪዬሽን የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው በ1,000 ሰዓት፣ ከጦር ኃይሉ የመጣ አብራሪ ደግሞ በ750 ሰዓት የተገደበ ፈቃድ ያገኛሉ። ሥልጠናውን ከባዶ ጀምሮ በራሱ ወጪ የሚማር ሰው ከ100,000 ዶላር በላይ ሊያወጣ ይችላል፤ ብዙዎች ይህን በብድር ይሸፍኑና የጎደለውን ሰዓት በበረራ አስተማሪነት ያሟላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ደመወዝ ገና ሳይደርስ ዕዳው ተቆልሎ ይጠብቃል።

ከተቀጠረ በኋላ የክፍል ትምህርት፣ የሲሙሌተር ልምምድና ከአሠልጣኝ ካፒቴን ጋር ተሳፋሪ ይዞ መብረር ይከተላሉ። ይሁንና ከሁሉ በላይ ዕድሉን የሚወስነው በሥልጠናው መጀመሪያ የሚሰጠው ቁጥር ነው። ይህ የአገልግሎት ቅደም ተከተል ቁጥር አብራሪዎቹ በእንግሊዝኛው ሲኒየሪቲ የሚሉት ነው። ምድብ ጣቢያ፣ የአውሮፕላን ዓይነት፣ የወር ፕሮግራም፣ ዓመት ፈቃድና የካፒቴንነት ዕድገት ሁሉ የሚታደሉት በዚህ ቁጥር ነው። አንድ ቀን ቀድሞ የተቀጠረ ሰው በሥራ ዘመኑ ሁሉ ይቀድማል። በአንድ ቀን አብረው ለገቡት ደግሞ በርካታ ኩባንያዎች ዕድሜን ወይም የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር የመጨረሻ አሃዞችን መለያ ያደርጋሉ።

ምድብ ጣቢያ

ምድብ ጣቢያ የአብራሪው በረራዎች የሚጀምሩበትና የሚያበቁበት አውሮፕላን ማረፊያ ነው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ በአገር ውስጥ መስመሮች ኪው 400 አውሮፕላን የሚያበር ሰው መነሻውም መመለሻውም ቦሌ ስለሆነ ይህ ጉዳይ ብዙም አያስጨንቀውም። የአሜሪካ ክልላዊ አየር መንገድ ግን ሥራው በበርካታ ከተሞች የተበተነ ነው። ኤንቮይ በዳላስ፣ በቺካጎና በማያሚ፣ ፒኤስኤ በሻርለትና በፊላደልፊያ፣ ኢንዴቨር በሚኒያፖሊስ፣ በዲትሮይት፣ በአትላንታና በኒው ዮርክ አብራሪዎች አሏቸው። ስካይዌስት ደግሞ በምዕራቡና በመካከለኛው አሜሪካ ብዙ ጣቢያዎች አሉት።

ኩባንያው በየጊዜው ክፍት ቦታዎችን ያወጣል፤ አብራሪዎቹ በምርጫቸው ቅደም ተከተል ይመዘገባሉ፤ ቦታው ከላይኛው ቁጥር ጀምሮ ይሞላል። ለአዲሱ የሚደርሰው ነባሮቹ የተዉት ነው። የተተወበትም ምክንያት አለ። በኒው ዮርክ ላጓርዲያና በኒው ጀርሲ ኒውአርክ የቤት ኪራዩ ውድ፣ ሰማዩ የተጨናነቀ፣ የበረራ መዘግየቱም የበዛ ስለሆነ ቁጥሩ የፈቀደለት ሁሉ ከዚያ ይወጣል። እናም ከሁሉ ያነሰ የሚከፈለው ሰው ኑሮ ከሁሉ በሚወደድበት ከተማ ሥራ ይጀምራል።

ጣቢያው ቋሚ አይደለም። ክልላዊው ኩባንያ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከትልቁ አየር መንገድ ጋር በተዋዋለው መሠረት በበረራ ልክ እየተከፈለው በመሆኑ፣ ትልቁ መስመሮቹን ሲያዛውር ትንሹም ጣቢያ ይዘጋል ወይም ይከፍታል። ቤት የገዛና ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስገባ አብራሪ ጣቢያው ሲዘጋ ወይ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል፣ ወይ ከሌላ ከተማ እየተመላለሰ የሚሠራ ተመላላሽ ይሆናል።

ተጠባባቂነት

አዲሱ አብራሪ መጀመሪያ ላይ የራሱ የታወቀ የበረራ ፕሮግራም አይኖረውም። ተጠባባቂ ሆኖ የታመመ፣ የቀረ ወይም በመዘግየት የሥራ ሰዓቱን የጨረሰ ባልደረባውን ይተካል። የአጭር ጥሪ ተጠባባቂ ስልኩ በጮኸ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ አውሮፕላን ማረፊያው መገኘት አለበት። የረዥም ጥሪ ተጠባባቂ ብዙ ጊዜ 12 ሰዓት ያህል ስለሚሰጠው ከቤቱ ሆኖ መጠበቅ ይችል ይሆናል።

ለጣቢያው ነዋሪ የአጭር ጥሪ ቀን ማለት ከልጆቹ ጋር ምሳ እየበሉ ስልክ መጠበቅ ነው። ለተመላላሹ ግን ምናልባት ሳይጠራ ሊያልፍ ለሚችል ጥሪ ሲል በሰው ከተማ አራትና አምስት ቀን መቀመጥ ነው።

ምልልስ

ብዙ የአሜሪካ አብራሪዎች በአንድ ከተማ ይኖሩና ከሌላ ከተማ ይነሣሉ። ወደ ጣቢያቸው የሚሄዱት በባዶ መቀመጫ፣ ወይም በበረራ ክፍሉ ውስጥ ባለችው ተጨማሪ መቀመጫ፣ በጃምፕ ሲት ነው። የአየር መንገዶቹ ስምምነት አንዱ የሌላውን አብራሪ በነፃ እንዲያሳፍር ይፈቅዳል። ነፃ ይሁን እንጂ መቀመጫው የተረጋገጠ አይደለም፤ የከፈለ ተሳፋሪ ከመጣ አብራሪው ከበር ይመለሳል። በበዓል ሰሞንና በበረዶ ቀን ይህ የዘወትር ገጠመኝ ነው።

ዴንቨር የሚኖርና ላጓርዲያ የተመደበ ረዳት አብራሪን እንውሰድ። ሥራው ሰኞ ንጋት 12 ሰዓት የሚጀምር ከሆነ በዚያው ቀን ተነሥቶ አይደርስም፤ እሑድ መሄድ አለበት። በረራው ሐሙስ ከምሽቱ 4 ሰዓት ካበቃም ወደ ቤት የሚወስደው አውሮፕላን ስለማይኖር አርብ ጠዋትን ይጠብቃል። አራት ቀን ተብሎ የተጻፈው ሥራ ስድስት ቀን ነካ፤ ሁለቱ ሌሊቶች ግን አይከፈሉም። በወር አራት እንዲህ ያለ ጉዞ ካለው ስምንት ሌሊት ይሄዳል ማለት ነው። ዘግይቶ የሚጀምርና ቀደም ብሎ የሚያበቃ ጉዞ በተመላላሾች ዘንድ የሚፈለገው ለዚህ ነው፤ እሱንም ቢሆን የሚወስዱት ነባሮቹ ናቸው።

ለእነዚያ ሌሊቶች የተገኘው መፍትሔ ክራሽ ፓድ ይባላል። ብዙ የበረራ ሠራተኞች ተጋርተው የሚከራዩት፣ ተደራራቢ አልጋዎች የተደረደሩበት አፓርታማ ነው። በአንዳንዱ እያንዳንዱ የራሱ አልጋ አለው፤ ርካሽ በሆነው ደግሞ የራሱን አንሶላ ይዞ ባዶ ያገኘው አልጋ ላይ ይተኛል። በኒው ዮርክ ኩዊንስ፣ በላጓርዲያና በኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል የሚገኘው ኪው ጋርደንስ ሠፈር በዚህ የታወቀ ከመሆኑ የተነሣ የሙያው ሰዎች ስሙን አዟዙረው ክሩ ጋርደንስ ይሉታል፤ የበረራ ሠራተኞች ሠፈር ማለታቸው ነው።

በርካታ የኅብረት ስምምነቶች ለተመላላሹ መጠነኛ ከለላ ይሰጣሉ። በሰዓቱ ሊያደርሱት የሚችሉ ሁለት በረራዎችን ሞክሮ መቀመጫ ያጣ አብራሪ አስቀድሞ ካሳወቀ አይቀጣም። ያመለጠው በረራ ክፍያ ግን ሊቀርበት ይችላል።

የ2009ኙ አደጋና ያስከተለው ሕግ

እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 2009 ከኒውአርክ ወደ ባፈሎ ይበር የነበረው የክልላዊው አየር መንገድ የኮልጋን ኤር በረራ ቁጥር 3407 አውሮፕላን፣ ኪው 400፣ ክላረንስ ሴንተር በተባለች ቀበሌ አንድ ቤት ላይ ወደቀ። የተሳፈሩት 49 ሰዎችና በቤቱ የነበረ አንድ ሰው ሞቱ። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ዋናው መንስኤ ካፒቴኑ ለአውሮፕላኑ የፍጥነት ማነስ ማስጠንቀቂያ የሰጠው የተሳሳተ ምላሽ መሆኑን ደመደመ።

ምርመራው የሁለቱን አብራሪዎች ሕይወትም ለሕዝብ ገለጠ። ረዳት አብራሪዋ ሌሊቱን በጭነት አውሮፕላኖች ተሳፍራ ከሲያትል በሜምፊስ በኩል ነበር ኒውአርክ የገባችው፤ ካፒቴኑ ይኖር የነበረው ፍሎሪዳ ነው። በኒውአርክ ከነበሩት የኩባንያው አብራሪዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ተመላላሾች ነበሩ። ቦርዱ ድካም ሳይጎዳቸው እንዳልቀረ ገልጾ ምን ያህል እንደጎዳቸው ግን መለየት እንደማይቻል አስታወቀ።

የሟቾች ቤተሰቦች ዋሽንግተን ድረስ እየተመላለሱ ባደረጉት ግፊት ኮንግረስ በ2010 ሕግ አወጣ። የ1,500 ሰዓቱ መስፈርት በ2013 ሥራ ላይ ዋለ። ከጥር 2014 ጀምሮ ደግሞ አብራሪ ከሥራ በፊት 10 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያም ውስጥ ያልተቋረጠ የ8 ሰዓት መኝታ ዕድል እንዲያገኝ ተደነገገ። ምልልስ ራሱ ግን ያለ ገደብ ቀረ። የብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚዎች የምርምር ምክር ቤት በ2011 ጉዳዩን መርምሮ፣ ምልልስን በሕግ ለመገደብ የሚያበቃ መረጃ አላገኘሁም አለ። ለበረራ ብቁ ሆኖ የመገኘት ኃላፊነት በአብራሪው ጫንቃ ላይ ነው፤ ደክሞኛል ብሎ የመቅረት ግዴታም የእሱ ነው።

ክፍያ

የአብራሪ ደመወዝ የሚሰላው በሰዓት ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከመቆሚያው ተንቀሳቅሶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ድረስ ነው። ፍተሻው፣ የተሳፋሪ መሳፈሪያውና በሁለት በረራዎች መካከል የሚባክነው ጊዜ በአብዛኛው አይገባበትም። በዚህ ምክንያት ውሎቹ ዝቅተኛ የወር ዋስትና ያስቀምጣሉ፤ የተለመደው 75 ሰዓት ገደማ ነው። ከቤት ውጭ ለሚውልበት ደግሞ በሰዓት 2 ዶላር አካባቢ የውሎ አበል ይጨመራል፤ አበሉ ግን ወደ ጣቢያው በሚመላለስበት ጊዜ አይሠራም።

በ2000ዎቹ አጋማሽ የጀማሪ ረዳት አብራሪ ክፍያ በሰዓት ከ20 ዶላር ትንሽ በላይ ነበር። 22 ዶላር በ75 ሰዓት ሲባዛ በወር 1,650፣ በዓመት 20,000 ዶላር አይሞላም። ለውጡ የመጣው ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ ነው። በ2020 በርካታ አብራሪዎች ቀደም ብለው ጡረታ ወጡ፤ መንገደኛው ሲመለስ ትላልቆቹ ኩባንያዎች ከክልላዊዎቹ ሰው በብዛት ወሰዱ። በሰኔ 2022 የአሜሪካን እህት ኩባንያዎች የሆኑት ፒድሞንትና ኤንቮይ ለጀማሪ ረዳት አብራሪ ጊዜያዊ ጭማሪን ጨምሮ በሰዓት 90 ዶላር አቀረቡ። ሌላው ክልላዊ ኩባንያ ሜሳ በዚያው ዓመት ወደ 100 ከፍ አደረገው። በ90 ዶላር ሲሰላ የወሩ ዋስትና 6,750፣ የዓመቱ 81,000 ዶላር ይሆናል። አንዳንዶቹ በእግር ኳሱ ዓለም እንደሚታወቀው የፊርማ ክፍያም ሰጥተዋል፤ ተቀባዩ ግን ለተወሰነ ጊዜ ለማገልገል ይዋዋላል።

ጭማሪው የብዙ ቤተሰቦችን ኑሮ ለውጧል። ለምልልስ የሚሄደውን ሌሊት ግን አልመለሰም። የትምህርት ብድር፣ የክራሽ ፓድ ኪራይና የምግብ ወጪ ሲቀነሱ፣ በሚኖርበት ከተማ የተመደበው ጀማሪ አሁንም ከተመላላሹ ይሻላል። ጊዜም ይተርፈዋልና ተጨማሪ በረራ መውሰድ ይችላል።

ወደ ካፒቴንነት

ረዳት አብራሪ ካፒቴን ለመሆን በአየር መንገድ 1,000 ሰዓት መብረር ይጠበቅበታል። ክፍያው በብዙ ያድጋል። ነገር ግን በረዳቶቹ ዝርዝር አናት ላይ የነበረው ከካፒቴኖቹ ዝርዝር ግርጌ ይሰለፋል፤ ቁጥሩ ያው ሆኖ ከላዩ ያሉት ሰዎች ይበዛሉ። በብዙ ጥረት ዴንቨር ወይም አትላንታ የገባው ሰው እንደገና ኒው ዮርክ ተጠባባቂ ሊሆን ይችላል። አንዳንዶች ለዚህ ሲሉ ዕድገቱን ያዘገያሉ።

ቁጥሩ ከኩባንያ ወደ ኩባንያም አይሻገርም። ትራንስ ስቴትስና ኮምፓስ በ2020፣ ኤክስፕረስጄት በ2022 ሲዘጉ የዓመታት አገልግሎት የነበራቸው ካፒቴኖች ሌላ ቦታ ከመጨረሻው መስመር ተሰልፈዋል። በራሱ ፈቃድ ወደ ዴልታ ወይም ወደ ዩናይትድ የሚሻገረውም እንደዚያው አዲስ ቁጥር ተቀብሎ፣ ከክፍት ቦታዎቹ የተረፈውን ጣቢያ ይዞ፣ ምናልባትም ወደ ኪው ጋርደንስ አልጋው ተመልሶ ይጀምራል።