ደህናውን ሳምንት መቁጠር

በ1847 መገባደጃ ላይ የለንደን ሰው በትኩሳትና በሳል አልጋ ላይ ዋለ። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልተባለበት ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሰው ሲሞት ሐኪሞች የሞት ማስረጃው ላይ የጻፉት የተለያየ ነበር፤ ለአንዱ የሳንባ ምች፣ ለሌላው ብሮንካይትስ ወይም አስም፣ ለአረጋዊው ደግሞ እርጅና። ኢንፍሉዌንዛ ተብሎ የተጻፈላቸው ጥቂቶቹ ናቸው። በመዝገብ መሥሪያ ቤቱ የስታቲስቲክሱን ሥራ የያዘው ዊልያም ፋር በበሽታ ስም እየለየ ብቻ ቢደምር ኖሮ ወረርሽኙ ከቁብ የማይቆጠር ነገር መስሎ ያልፍ ነበር።

ፋር ግን በእጁ ሌላ ነገር ነበረው። በእንግሊዝና በዌልስ ሞትን በሕግ መመዝገብ የተጀመረው በ1837 ነው፤ ከ1840 ወዲህ ደግሞ የለንደን ሟቾች ቁጥር በየሳምንቱ እየተደመረ ይታተም ነበር። ስለዚህ በደህናው ዘመን፣ በዚያው ወቅት፣ በአንድ ሳምንት ስንት ሰው እንደሚሞት ያውቃል። የዘንድሮውን ቁጥር አስቀምጦ የደህናውን ሳምንት ቁጥር ቀነሰበት። የተረፈው፣ ሐኪሙ ምንም ብሎ ይጻፈው፣ የወረርሽኙ ነው። ዛሬ «ትርፍ ሞት» የሚባለው ስሌት ሥሩ ይኸው ነው።

ይህ መቀነስ ተራ ሒሳብ ይመስላል። ኢንፍሉዌንዛ ግን በባሕርይው የሚደበቅ በሽታ ነው። ሰውዬውን በትኩሳት ይጥለውና ሻል ያለው ሲመስል ሳንባው ይቆስላል፣ ወይም የደከመ ልቡ ይቆማል፤ በዚያን ጊዜ ቫይረሱ ከአፍንጫው ጠፍቷል። የሞት ማስረጃውም ስለ ሳንባው ወይም ስለ ልቡ እንጂ ስለ ቫይረሱ አይናገርም። ስለዚህ ይህን በሽታ የሚያየው ምንም ያልተፈጠረባቸውን ሳምንታት ሳይሰለች ሲመዘግብ የኖረ አገር ብቻ ነው። ጽሑፌ በሙሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው፤ ላቦራቶሪውም ኮምፒዩተሩም ከዚህ በኋላ ይመጣሉ።

መዝገብ በሌለበት ምን እንደሚሆን እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያጠቃው የኅዳር በሽታ ከራስ ተፈሪ ጀምሮ ድሃ ሀብታም ሳይል አልጋ ላይ አዋለ፤ ቀባሪ ጠፍቶ አስከሬን እስከማደር ደረሰ። የታሪክ ጸሐፊዎች በከተማዋ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንዳለቀ ይገምታሉ። ከከተማው ውጭ፣ በየገጠሩ፣ ስንት ሰው እንደሞተ ግን ማንም ሊናገር አይችልም። ኅዳር 12 ቀን በየደጁ የሚጤሰው ቆሻሻ ያንን ጊዜ ያስታውሳል፤ ቁጥር ግን አላወረሰንም። ለዓለሙም ቢሆን የዚያ ወረርሽኝ ሟቾች ግምት ከ20 ሚሊዮን በታች ጀምሮ እስከ 100 ሚሊዮን ይዘልቃል። ልዩነቱ ይህን ያህል የሰፋው በአመዛኙ በአፍሪካና በእስያ ደህናው ሳምንት ባለመቆጠሩ ነው።

የበሽታው መንስኤ ራሱ የታወቀው ዘግይቶ ነው። በ1933 ዊልሰን ስሚዝ፣ ክሪስቶፈር አንድሩስና ፓትሪክ ሌድሎ የተባሉ የብሪታንያ ተመራማሪዎች ከታመመ ሰው ጉሮሮ የተወሰደ እጥበት ፌሬት በሚባሉ ትናንሽ እንስሳት አፍንጫ ውስጥ ሲጨምሩ እንስሳቱ እንደ ሰው አተኮሳቸው፣ አስነጠሳቸው። በ1941 ደግሞ አሜሪካዊው ጆርጅ ኸርስት ቫይረሱ የዶሮን ቀይ የደም ሕዋሳት እንደሚያጣብቅ አስተዋለ። ከዚህ የተወለደው ምርመራ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ለማየትም ደስ የሚል ነው። ትናንሽ ጉድጓዶች በተደረደሩበት የፕላስቲክ ሳሕን ላይ ቫይረሱ፣ የደሙ ሕዋሳትና ቀድሞ የታወቀውን ቫይረስ ከሚከላከል እንስሳ የተወሰደ ሴረም ይቀላቀላሉ። ሴረሙ ቫይረሱን ካወቀው ሕዋሳቱ ከጉድጓዱ ሥር ወርደው እንደ ቀይ ቁልፍ ክብ ብለው ይቀመጣሉ፤ ሳሕኑ ዘንበል ሲል ቁልፉ እንደ እንባ ወደ ታች ይፈሳል። ካላወቀው ደግሞ ሕዋሳቱ ተያይዘው በጉድጓዱ ወለል ላይ ይነጠፋሉ። ባለሙያዋ ሴረሙን ደረጃ በደረጃ እያቀጠነች የትኛው ጉድጓድ ላይ ቁልፉ እንደጠፋ በማየት ብቻ የዘንድሮው ቫይረስ ከአምናው ምን ያህል እንደራቀ ትናገራለች።

ይህ መራቅ በ1947 ዋጋ አስከፈለ። የነበረው ክትባት በዚያ ዓመት ከተለወጠው ቫይረስ ጋር ሳይገጥም ቀረ። ቫይረሱን ከዓለም ዙሪያ እየሰበሰበ የሚያነጻጽር ማዕከል በዚያው ዓመት በለንደን ተቋቋመ፤ በ1952 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት አገር አቀፍ ላቦራቶሪዎችን ያያያዘ መረብ ዘረጋ። ዛሬ ይህ መረብ ከ120 በላይ አገራትን ይዟል። በየዓመቱ በየካቲት ለሰሜኑ፣ በመስከረም ለደቡቡ የምድር ክፍል ክትባቱ ምን መያዝ እንዳለበት የሚወሰነው ከዚህ መረብ በሚላኩ ናሙናዎች ነው።

መረቡ ቀዳዳ ነበረው። ቻይና አባል ስላልነበረች የ1957ቱ ወረርሽኝ መነሻ ላይ ማንም አላስጠነቀቀም። በዚያ ዓመት ሚያዝያ፣ በዋሽንግተን የወታደራዊ ምርምር ተቋም የሚሠራው ሞሪስ ሂልማን ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ስለ ሆንግ ኮንግ አንድ ዜና አነበበ፤ በክሊኒኮች በር ረጅም ሰልፍ አለ፣ እናቶች ዐይናቸው የፈዘዘ ልጆች በጀርባቸው አዝለው ቆመዋል ይላል። ናሙና አስመጥቶ ከብዙ ሰዎች ሴረም ጋር ሲያገናኘው ከጥቂት በጣም ያረጁ ሰዎች በስተቀር ቫይረሱን የሚያውቅ ሰውነት አልነበረም። ክትባት የሚሠራው በዳበረ እንቁላል ነበርና ገበሬዎች አውራ ዶሮዎቻቸውን እንዳያርዱ ይነገራቸው ብሎ አምራቾቹን አሳሰበ። በዚያው መጸው ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ ክትባት ተዘጋጀ። የአንድ ሰው ንቃት ያስደንቃል፤ የዓለም ጤና ግን ጋዜጣ በሚያነብ አንድ ሰው ላይ መንጠልጠል አልነበረበትም።

አትላንታ ያለው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ የፋርን መንገድ ዘመናዊ መሣሪያ አደረገው። 122 ከተሞች በየሳምንቱ ስንት ሰው እንደሞተባቸው፣ ከዚያም ውስጥ ስንቱ በሳንባ ምችና በኢንፍሉዌንዛ እንደሆነ ይልኩ ነበር። በ1963 ሮበርት ሰርፍሊንግ የደህናውን ዘመን ቁጥር ክረምት ላይ ከፍ፣ በጋ ላይ ዝቅ በሚል ማዕበል መሳል ቻለ፤ እውነተኛው ቁጥር ከማዕበሉ በላይ ሲወጣ ወረርሽኝ አለ ይባላል። የከተሞቹ ሪፖርት እስከ 2016 ዘለቀ።

ሞት ግን ዘግይቶ ይናገራል። ስለዚህ የተመረጡ ሐኪሞች በሳምንቱ ካዩት በሽተኛ ውስጥ ስንቱ ትኩሳትና ሳል ወይም የጉሮሮ ሕመም እንዳለው እንዲያሳውቁ ተደረገ። ፈረንሳይ በ1984 ሐኪሞቿን ሚኒቴል በሚባለው የስልክ ኮምፒዩተር አገናኝታ ይህን ከብዙዎች ቀድማ ሠራችው። ማንም አገር ጉንፋን የያዘውን ሰው ሁሉ አይቆጥርም፤ አብዛኛው ሰው ዝንጅብል አፍልቶ ጠጥቶ ቤቱ ይተኛል። የሚፈለገው መጠኑ ከወትሮው መጨመሩን ማወቅ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ያው ሐኪም፣ በዚያው ክሊኒክ፣ ዓመት ከዓመት፣ ሐምሌም ጥርም መላክ አለበት።

ይህን አድካሚ ሥራ በአቋራጭ ለማለፍ ተሞክሯል። ጉግል በ2008 ሰዎች ስለ ሕመማቸው የሚፈልጓቸውን ቃላት እየቆጠረ ጉንፋንን ከሲዲሲ ቀድሞ ለማወቅ ተነሣ። በ2009 የጸደይ ወረርሽኝ ሳይታየው አለፈ፤ በ2012 እና 2013 መካከል ባለው ክረምት ደግሞ ከእውነተኛው እጥፍ ያህል ገመተ። በ2015 ተዘጋ። ሐሳቡ ከንቱ ነበር አልልም፤ ሰው የሚፈልገው ግን ሲታመም ብቻ ሳይሆን ቴሌቪዥኑ ሲያስፈራውም ነው።

የ2009ኙ ወረርሽኝ ሌላም ነገር አጋልጧል። በላቦራቶሪ ተረጋግጦ የተመዘገበው ሟች ወደ 18,500 ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲዲሲ ከሌሎች ተቋማት ጋር ባወጣው ጥናት የሟቾቹ ቁጥር 284,000 ያህል፣ ማለትም የተረጋገጠው 15 እጥፍ፣ እንደሚሆን ተገመተ። ከዚህ ግማሹ በአፍሪካና በደቡብ ምሥራቅ እስያ የደረሰ ነው፤ ትንሹ መረጃ የተገኘውም ከዚሁ አካባቢ ነው። ይህ ቁጥር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ወገኖቻችን ሞታቸው እንኳ የሚታወቀው በሌላ አገር መዝገብ ላይ ተመሥርቶ በሚሠራ ግምት ነው።

በኢትዮጵያ የኢንፍሉዌንዛ የቅኝት ጣቢያዎች ሥራ የጀመሩት በ2000 ዓ.ም. ግድም ነው። ነርሷ ከታማሚው አፍንጫና ጉሮሮ በቀጭን ዘንግ ናሙና ትወስዳለች፣ ዘንጉን ፈሳሽ ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ሰብራ ትከተዋለች፣ በበረዶ ሣጥን ተጭኖ ወደ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይሄዳል። ሥራው ክቡር ነው። ግን የፋር ግማሽ አሁንም ይጎድለዋል፤ ሞት ተመዝግቦ ተሟልቶ አይደርስም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ እንግሊዝ ከጀመረች ከ179 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዛሬም ቤተሰብ የልደት ማስረጃ የሚያወጣው ለትምህርት ቤትና ለፓስፖርት ብሎ ነው፤ ለሞት የሚሄደው ውርስ ወይም የጡረታ ጉዳይ ካለው ብቻ ነው።

የሚቻል መሆኑ ግን እዚሁ ታይቷል። ከ2001 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማዋ የመቃብር ሥፍራዎች የሚቀበረውን ሰው በየዕለቱ በማስመዝገብ ኤድስ ያደረሰውን ጉዳት ለክተዋል። ምዝገባው የተያዘው በየመቃብሩ በሚሠሩ ሰዎች ነው። እድሩም ለእያንዳንዱ ሞት ገንዘብ ስለሚያወጣ ቀኑን ያውቀዋል። ልደትና ሞት የሚመዘግበው የክብር መዝገብ ሹም ከእድርና ከመቃብር ጠባቂ በየሳምንቱ የሚያገኘውን የሟች ዕድሜ፣ ጾታና ቀን ብቻ ወደ ላይ ቢያስተላልፍ፣ ለዚህ ስሌት የሚያስፈልገው ተሟላ፤ ፋር ከሐኪሞቹ ወረቀት የተጠቀመበት የሞቱን ምክንያት ሳይሆን የሟቹን ቁጥር ነበርና።