ቀሲል በምን ይያዝ? የሐረር የዕፅዋት ውበት መጠበቂያዎችና የመያዣቸው ጥያቄ

«ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ» የሚለው ጽሑፍ ስለ ይዘቱ እንጂ ስለ መያዣው አይመሰክርም። በ1944 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ቪጋን ማኅበር ከተመሠረተ ወዲህ በውበት ምርቶች ላይ የተነሣው ክርክር በአመዛኙ ያተኮረው በንብ ሰም፣ ከበግ ጠጉር በሚገኘው ላኖሊን፣ ከነፍሳት በሚሠራው ካርማይን ቀለም ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2013 እ.ኤ.አ. በእንስሳት ላይ የተሞከሩ የውበት ምርቶች በገበያው እንዳይሸጡ ሲያግድም የታሰበው እንስሳው ነበር። ያንን ንጹሕ ይዘት የተሸከመው ፕላስቲክ ጠያቂ ያገኘው ዘግይቶ ነው። ጌየር፣ ጃምቤክና ሎ በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ በዓለም ላይ ቆሻሻ ከሆነው ፕላስቲክ ተመልሶ ጥሬ ዕቃ የሆነው 9 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነው። የቅባትና የሻምፑ ዕቃ ደግሞ ትንሽ ስለሆነ፣ ከተለያየ ዓይነት ፕላስቲክ ስለሚገጣጠምና ውስጡ ቅባት ስለሚቀርበት፣ መልሶ ለመጠቀም ከሚያስቸግሩት አንዱ ነው።

ይዘትና መያዣ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ከዝባድ የተሻለ የሚያስረዳ የለም። በካፋ፣ በጅማና በሊሙ አካባቢ በጠባብ የእንጨት ጎጆ ከታጎረ ጥርኝ እየተፋቀ የሚወጣው ይህ ሽታ ለዘመናት ወደ አውሮፓ ሽቶ ሠሪዎች ሲጓዝ የኖረው በከብት ቀንድ ተሞልቶ ነው። ቀንዱ የእርድ ትርፍ ነው፤ አፈር ቢገባ ይበሰብሳል፤ ለመሥራት ነዳጅ አልጠየቀም። በመያዣ ብቻ ቢዳኝ ዝባድ የዘመኑን ሽልማት ሁሉ ይጠራርግ ነበር። በይዘቱ ግን በእንስሳት ሥቃይ የተወቀሰ ንግድ ነው፤ ሻኔል የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰው ሠራሽ ተክቼዋለሁ ብሏል። ይዘቱ ከዕፅዋት ብቻ የሆነው የሐረር ቀሲል በአንጻሩ፣ በቅርብ ዓመታት ከገበያ ወደ ቤት ሲገባ የኖረው በፌስታል ነው።

ቀሲል የቁርቁራ ወገን ከሆነው፣ ሶማሌዎች ጎብ ከሚሉት ዛፍ ቅጠል ይዘጋጃል። ቅጠሉ ደርቆ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ አረንጓዴ ዱቄት ይሆናል። በሐረር፣ በድሬዳዋና በመላው የሶማሌ ምድር ሴቶች ለፊትና ለፀጉር ይጠቀሙበታል። ውስጡ ሳፖኒን የተባለው አረፋ የሚያወጣ ንጥረ ነገር ስላለ እንደ ሳሙና ያጥባል። ለዚህ ጽሑፍ ትልቁ ቁም ነገር ግን ደረቅነቱ ነው። ውሃ የሚገባበት በተጠቃሚዋ መዳፍ ወይም ሳህን ላይ፣ በሰዓቱ ነው፤ ተለውሶ የተረፈው አይቀመጥም። ሂናም እንዲሁ ነው። የደገኛዋ እንሶስላ ከዚህም ትልቃለች፤ ሥሯ ከነልጣጩ ገበያ ስለሚወጣ መያዣ የሚባል ነገር አታውቅም።

ዘመናዊው ክሬምና ሻምፑ ከዚህ በተቃራኒ የቆመ ነው። አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ነው። ውሃ ባለበት ባክቴሪያና ሻጋታ ስለሚራባ መከላከያ ኬሚካል ያስፈልጋል፤ እርጥበቱ እንዳይተን፣ አየርም እንዳይገባ የማያስተላልፍ ግድግዳ ያስፈልጋል፤ ያ ግድግዳ ደግሞ በርካሽ የሚገኘው ከፕላስቲክ ነው። እንግዲህ የማሸጊያው ችግር ግማሹ የሚወሰነው ማሸጊያው ከመታሰቡ በፊት፣ ምርቱ ከነውሃው ይሸጥ ወይስ ደርቆ በሚለው ውሳኔ ላይ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ «ውሃ አልባ» እየተባሉ በጠጣርና በዱቄት መልክ የሚወጡት ሻምፑዎች የደረሱት ወደዚሁ ነው። የሐረር እናቶች መንገዱን አልለቀቁትም ነበር፤ የለወጡት መያዣውን ነው።

መያዣው የሻጭ ሳይሆን የቤት ንብረት የነበረበትን ሥርዓት ለመረዳት የሐረሪን ቤት ማየት ይበቃል። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በጁገል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ ውስጥ፣ ጌ ጋር የሚባለው የሐረሪ ቤት ግድግዳ በስፌት ዕቃ የተሸፈነ ነው። ክዳን ያለው፣ ጠፍጣፋው፣ ለሠርግ የሚሰጠው፣ እያንዳንዱ ስምና ቦታ አለው። ቤል አሳንቴ ታርሲታኒ በ2009 እ.ኤ.አ. አፍሪካን አርትስ በተባለው መጽሔት ባወጣችው ጥናት እነዚህ ስፌቶች ከዕቃነት አልፈው የሴቶች ማዕርግና የጋብቻ ሥርዓት አካል መሆናቸውን አሳይታለች። በወስፌ እየተበሳ፣ ሣር በሣር ላይ እየተጠመጠመ የሚሠራው ስፌት ጥብቅ ከመሆኑ የተነሣ ደቃቅ ነገር ለመያዝ አይቸገርም። ሻጭ ትሰፍራለች፣ ገዢ ዕቃዋን ትዘረጋለች። ዕቃው ዓመታት ስለሚያገለግል የአንድ ጊዜ ግዢ ድርሻው ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ከዚህ ተነሥተው የሐረርን ስፌት ለውበት ምርት ማሸጊያ እናድርገው የሚሉ ሐሳቦች አልፎ አልፎ ይሰማሉ። አልስማማም። አንድ ደህና ስፌት የብዙ ሳምንት፣ አንዳንዴም የወራት የእጅ ሥራ ነው፤ የመቶ ግራም ዱቄት መጠቅለያ ለማድረግ የሴቶቹን ድካም በከንቱ ማራከስ ይሆናል። ከሐረር የሚቀዳው ትምህርት ሣሩ አይደለም፤ ዕቃው የማን ነው የሚለው ነው።

ወደ ውጭ የሚሄደው ቀሲል የያዘውን መንገድ እንመልከት። በውጭ አገር በሚገኙ የኢትዮጵያና የሶማሌ መደብሮች፣ እንዲሁም በኢንተርኔት ገበያ፣ ዱቄቱ ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው ቡናማ ወረቀት በሚመስል፣ ቆሞ በሚቀመጥ ከረጢት ነው። የላይኛውን ጠርዝ ይዞ በቀስታ ለቀደደው ሰው ግን ወረቀቱ ከተነጠለ በኋላ ስስ የሚያብረቀርቅ ሽፋን ሳይቀደድ እየተለጠጠ ይቀራል፤ ፕላስቲክ ነው፣ አንዳንዴም አሉሚኒየም የተለበጠበት። ሁለቱ ተጣብቀው ስለተሠሩ ለወረቀት ፋብሪካም ለፕላስቲክ ፋብሪካም አይሆኑም፤ ብስባሽም አይወጣቸውም። ከእውነተኛው ፌስታል ይልቅ ይኸኛው የሚያሳስበኝ ገዢው ጥሩ ያደረገ እየመሰለው ስለሚጥለው ነው።

ሕጉ እስካሁን የሚያየው ፌስታልን ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጡ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ለመከልከል ሞክሮ ነበር፤ ገበያው ብዙም አልሰማውም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ፌስታልን ከማምረት እስከ መጠቀም ይከለክላል። የወረቀት መልክ የለበሰው ከረጢት ግን በሌላ በር ሊገባ ይችላል፤ ፌስታል የተከለከለባት ቀሲል ሻጭ የመጀመሪያ ምርጫዋ እሱ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

በሌላ በኩል በስፍር መሸጥን ዝም ብሎ ማወደስ አይገባም። ማሸጊያ መረጃ ይይዛል፦ ማን አዘጋጀው፣ መቼ፣ ምን ተቀላቀለበት። በሱዳን ሂና ቶሎ እንዲጠቁር ፓራ ፊኒሊን ዳያሚን የተባለ የፀጉር ቀለም ኬሚካል እየተቀላቀለበት ከባድ መመረዝ ማድረሱ በሕክምና ጽሑፎች በሰፊው ተመዝግቧል። ከማይታወቅ ጆንያ የተሰፈረ ዱቄት ይህን አደጋ መከላከያ የለውም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የውበት መጠበቂያዎችን የሚቆጣጠረው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በምርቱ ላይ መግለጫ ቢጠይቅ ትክክል ነው። መግለጫው ግን ጆንያው ላይና ሻጯ ዘንድ በተለጠፈ ወረቀት፣ በገዢዋም ዕቃ ላይ በምትለጠፍ ትንሽ ምልክት ሊሟላ ይችላል። ቁጥጥር ሁልጊዜ አዲስ ከረጢት አይጠይቅም።

በስፍር ለሚሸጥ ዱቄት የሚሆን ዕቃ ከጁገል ግንብ ብዙም ሳይርቅ ይሠራል። ሸዋ በር ብለን በምንጠራው በአስማዲን በሪ አጠገብ ቆርቆሮ ቀጥቃጮች የዘይትና የወተት ጣሳ እየዘረጉ ምድጃ፣ መስፈሪያና ማንቆርቆሪያ ያወጣሉ። ክዳኑ ገጥሞ የሚዘጋ፣ ጠርዙ የተጠቀለለ ጣሳ ደረቅ ዱቄትን ከእርጥበትም ከተባይም ይጠብቃል፤ ሲያረጅ ተመልሶ ለቀጥቃጩ ይሸጣል። የገበያውን መንገድ ለመቀየር የሚያስፈልገው ዋጋው ነው፦ ጣሳዋን ይዛ የመጣች ገዢ ትንሽ ካልተቀነሰላት የምትሸከምበት ምክንያት የለም።

መያዣን ደጋግሞ ለመሙላት የሚጠየቀው ትልቁ ወጪ እጥበት ነው፤ ሐረር ደግሞ ውሃ የሞላላት ከተማ አይደለችም። ለአሥርት ዓመታት ያጠጣት የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከደረቀ ወዲህ ውሃዋ በድሬዳዋ በኩል በፓምፕ እየተገፋ ሽቅብ ይወጣል። የዱቄት ጣሳ በደረቅ ጨርቅ ቢወለወል ይበቃዋል። የፀጉር ዘይት ዕቃ ግን ሙቅ ውሃና ሳሙና ይፈልጋል፤ በደንብ ካልታጠበ የቀረው አሮጌ ዘይት አዲሱን ያበላሸዋል። ስለዚህ መልሶ መሙላት በቀሲልና በሂና ይጀመር፤ ዘይቱ ለጊዜው በብርጭቆ ጠርሙስ ይቆይና ጠርሙሱ ለቆራሌው ይሸጥ።